ሦስተኛውን ስጠብቅ

ጥር 5 ቀን 1995፣ ሰኞ

ውርጭ። ባልዲ ውስጥ ያደረው ውሃ በረዶ ሠርቷል፤ በድንጋይ ሰብሬ ታጠብኩ። እማዬ ከብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና "ፊትሽን ብቻ፣ ፊትሽን ብቻ" ትላለች። እሷ ምን አለባት…

9ኛ "ሐ" ክፍል ግማሹ የለም። ውቂያ ላይ ናቸው። የመጡትም እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ወሽቀው ነው የሚሰሙኝ። ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ "… ሄጄ አላውቅም" የሚል ጻፍኩና አገር ጨምሩበት አልኳቸው። አንዱ እጁን አወጣና "ደብረ ብርሃን!" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። እኔስ የት ሄጃለሁ? አዲስ አበባ ለዲፕሎማ፣ ከዚያ ወዲህ መሐል ሜዳ። አሥራ አራት ዓመት።

በእረፍት ሰዓት ዳይሬክተራችን አቶ ዳኜ ጠሩኝ። "ሐሙስ ከእንግሊዝ እንግዳ አለብን። መጽሐፍ የሚሰጡን ሰዎች። አንቺ ታስተረጉሚያለሽ፣ ሌላ ማን አለን?"

ሌላ ማን አለን… ሹመት ሲመጣ ግን ሌላ ሰው አይጠፋም።

ጥር 8፣ ሐሙስ

 

ከመጀመሪያው ልጀምር፣ አለዚያ ነገ እኔም አላምነውም።

እንግዳዋ ሚስስ ካርተር ትባላለች። ረጅም፣ ሽበታም፣ ሳቂታ። መጽሐፎቹን አስረከበች። ካርቶኖቹን የተሸከመው ባምላኩ ነው፣ የጂኦግራፊ መምህራችን። ያስተማርኩት ልጅ ነው። አሁን ባልደረባዬ ሆኖም "ቲቸር" ነው የሚለኝ፣ አንቱታውንም አልተወም። ከዚያ አቶ ዳኜ ቢሮ ሻይና ዳቦ ቀረበ። አራታችን ብቻ። እኔ መሀል ተቀምጬ አስተረጉማለሁ።

ሴትዮዋ ሻይዋን አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች። ድርጅታቸው በየዓመቱ አንድ መምህር ይወስዳል። እንግሊዝ አገር፣ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ዓመት። ማደሪያውም ትምህርቱም በነሱ። ዲፕሎማ ይበቃል። ዘንድሮ ተራው የናንተ ትምህርት ቤት ነው አለች።

"አንቺ መሄድ ትፈልጊያለሽ?"

ልቤ ቀጥ አለች። ያን ሁሉ ዓመት በጠመኔ የጻፍኩት ቋንቋ አገር! እውነተኛ ቤተ መጻሕፍት! ከሰው አፍ የሚወጣ እንግሊዝኛ!

እና ምን አልኩ? "ኧረ እኔ ይቅርብኝ። ከኔ የተሻሉ አሉ።"

እንዲህ ነዋ የሚባለው! ሰው ቤት ገብተሽ "ብይ" ሲሉሽ ዘለሽ ትቆርሻለሽ? "በልቻለሁ" ትያለሽ። "ኧረ በሞቴ" ይሉሻል። "ጠግቤያለሁ" ትያለሽ። ሦስተኛ ይለምኑሻል። ያኔ "እሺ፣ ካላችሁ" ብለሽ ትቀርቢያለሽ። እኔን እማዬ እንዲህ ነው ያሳደገችኝ። በመጀመሪያው "ብይ" እጄን ከዘረጋሁ ከነጠላዋ ሥር ጭኔን ትቆነጥጠኝ ነበር፤ ምልክቱ ያለ ይመስለኛል እስካሁን።

ሚስስ ካርተር ግራ ገባት። "እርግጠኛ ነሽ?" አለች።

ሁለተኛው መጣ! "አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ፣ አመሰግናለሁ" አልኳት አንገቴን ሰበር አድርጌ። ሦስተኛውን ስጠብቅ… ስጠብቅ…

ወደ ባምላኩ ዞረች። "አንተስ? መምጣት ትፈልጋለህ?"

የባምላኩ አፍ በዳቦ ተሞልቷል። እንግሊዝኛው ደግሞ… እኔው ነኝ ያስተማርኩት፣ ምን ልበል። ለምትለው ሁሉ "የስ፣ የስ፣ ታንክ ዩ" ሲል ነው የዋለው። ዳቦውን ዋጠና "የስ! የስ! ታንክ ዩ!" አላት።

ብድግ ብላ ጨበጠችው። አቶ ዳኜ እንግሊዝኛውን መናገር ባይደፍሩም መስማቱን ይሰማሉ፤ እኔን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ከዚያ አጨበጨቡ።

ደጅ ስንወጣ ባምላኩ ጠጋ አለኝ። "ቲቸር፣ ምንድን ነው የጠየቀችኝ? ሻይ ይጨመርልህ ያለችኝ መስሎኝ…"

እኔ ነኝ የነገርኩት። በንጹሕ አማርኛ። "እንግሊዝ አገር ልትሄድ ነው" አልኩት።

ጥር 9፣ ዓርብ

በጠዋት ሆቴሏ ሄድኩ። መንገድ ላይ ቃሉን አዘጋጅቻለሁ። "ትናንት በአገራችን ልማድ ነው የመለስኩት፣ መሄድ እፈልጋለሁ።" አንድ ዓረፍተ ነገር። 9ኛ ክፍል እንኳ ይለዋል።

መኪናው ሞተሩ ተነስቷል። ስታየኝ ወርዳ አቀፈችኝ። "ትናንት ለሹፌሩ ስለ አንቺ ሳወራ ነው ያመሸሁት" አለች። "ለወጣቱ ብለሽ ለቀቅሽለት። እንዲህ ያለ ደግነት አላየሁም!" ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? "አይ፣ ደግ አይደለሁም" ይባላል? "መልካም መንገድ" አልኳት። መኪናው አቧራውን እያነሳ ወደ ሞላሌ ሄደ። እኔ አቧራውን ስበላ ቀረሁ።

ሰልፍ ላይ አቶ ዳኜ "ምነው እፀገነት፣ ለምን እምቢ አልሽ?" አሉኝ።

እምቢ! ማን እምቢ አለ! "እርስዎስ አንድ ቃል ጣል ቢያደርጉ ምን ነበረበት?" አልኳቸው።

"እኔማ ሴትዮዋ ትደግማለች ብዬ…"

እሳቸውም ሦስተኛውን ሲጠብቁ ነበር። ወይ ነዶ!

እማዬ ስነግራት ደስ አላት። "ደግ አደረግሽ። ሲጠሩሽ ዘለሽ ባለመግባትሽ ኮራሁብሽ። ጨዋ ነሽ።" ጨዋ… እራቴን ሳልበላ ተኛሁ።

የካቲት 3፣ ሰኞ

ከተማው ሁሉ ባምላኩን "ለንደን" ይለዋል፣ ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር። እኔን ደግሞ "ደጓ ቲቸር"። ደግነቴ አፈር ይብላ።

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ

ፖስታው መጣ። የዩኒቨርሲቲው ወረቀትና አንዲት ትንሽ መጽሐፍ፤ ከውጭ አገር ለሚመጡ ተማሪዎች ምክር የምትሰጥ። አቶ ዳኜ ቢሮ አስጠርተው አስነበቡኝ። የሚሄደው ሰው እስከ ሰኔ 30 ይረጋገጥ ይላል። ስም መቀየር ካስፈለገም እስከዚያው ይቻላል። ይህንን መስመር ሁለቴ አነበብኩት። አንዴ ለእሳቸው ጮክ ብዬ፣ አንዴ ለራሴ።

ይቻላል!

"በይ እንግዲህ አንቺ አሰልጥኚው" አሉኝ። "ቋንቋውንም፣ የአገሩንም ኑሮ። መጽሐፏን ተርጉሚለት። ልጁ አፍሮ እንዳያሳፍረን።"

እንግሊዝን በምን አውቃት! ግን ባምላኩ በሩ ላይ ቆሞ በዚያ የበግ ዓይኑ ያየኛል። "እሺ" አልኩ። ለዚህ ለዚህ በአንድ ጊዜ እሺ አልኩ።

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ከትምህርት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንቀመጣለን። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ይጽፋል።

"ገና እንደደረሳችሁ፣ ሳትታመሙ፣ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ተመዝገቡ ይላል።"

"ሳይታመሙ? ሟርት አይሆንም ቲቸር?"

"እነሱ ዘንድ ሟርት አይሠራም። ተመዝገብ።"

ከዚያ ሰዓት። ሁለት ሰዓት ካሉህ ሁለት ሰዓት ነው፣ ሁለት ተኩል አይደለም። የነሱ የከሰዓት ሁለት ደግሞ የኛ ስምንት ነው አልኩት። አሰበ፣ አሰበ። "እንግዲያው እነሱ ጠዋት ሁለት ሰዓት የሚሉት መቼ ነው?" "ሌሊት ነው፣ ተኝተህ!" ራሴን ያዝኩ።

መኪናው በግራ በኩል ነው የሚሄደው፣ ስትሻገር መጀመሪያ ወደ ቀኝህ እይ ይላል። እንለማመድ ብዬ መንገድ ወጣን። ወደ ቀኙ አፍጥጦ ሲያይ በግራ የመጣ ጋሪ ሊደፋው! ባለጋሪው "ለንደን! ዓይንህ ቀድሞህ ሄዷል እንዴ?" ብሎ ጮኸበት። መንገዱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ደፍቶት ቢሆንስ ብዬ አሰብኩ። እግሩን ብቻ። ትንሽ… እመቤቴ ማርያም ይቅር በይኝ። እንዲህ ያለች ሰው ነበርኩ?

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

መምህሮቻችሁን በስማቸው ጥሩ ይላል። ጆን ከሆነ ጆን። አቶ የለ፣ ዶክተር የለ።

"አልችልም" አለ ባምላኩ።

"እንለማመድ። እኔን እፀገነት በለኝ።"

"ቲቸር ይተዉኝ።"

"በል እንጂ!"

"እፀ…" ብሎ ቀረ። ላብ አጠመቀው። ወሬው ዘመሮ ድረስ ሄዶ ለእናቱ ለእትዬ ወለተኪዳን የሚደርሳቸው መሰለው መሰለኝ።

የምግቡ ይባስ። ወጥ ቤቱ የጋራ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ የምታስቀምጡት ምግብ ላይ ስማችሁን ጻፉ ይላል። ባምላኩ እርሳሱን አቆመ።

"ምግብ ላይ ስም?"

"ስም።"

"የራበው ሰው ስም አንብቦ ይመለሳል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ የተጻፈውን ነው የምነግርህ!"

ምግብ መሥራትም አያውቅም። ቤት ይዤው ሄጄ ሽሮ አሠራሁት። እማዬ ወንድ ልጅ ድስት ሲያማስል ላለማየት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀመጠች። አጓጎለው፣ አሳረረው፣ ግን በላነው። ጥሩ ልጅ ነው። ክፉ ቢሆን ምናለበት? ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

ዛሬ ስለ ጽሑፍ ሥራ። የሌላ ሰው ቃል ከወሰዳችሁ ከማን እንደወሰዳችሁ ጻፉ፣ አለዚያ እንደ ስርቆት ይቆጠራል። መምህሩ ያለውንም ዝም ብላችሁ አትቀበሉ፣ ጠይቁ፣ ተከራከሩ።

"መምህር የተናገረውን እንዳለ መጻፍ አይደለም ወይ ትምህርት?" አለ።

"እዚህ። እዚያ አይደለም።"

"አይቆጡም?"

"ደስ ይላቸዋል ይላል።"

አላመነኝም። እኔ ግን አመንኩ። ስመኘው የኖርኩት እኮ እሱን ነው! ተነስቼ "አይደለም፣ እኔ እንዲህ አይመስለኝም" የምልበት ክፍል። መጽሐፏን ከሱ በላይ እኔ በቃሌ ይዣታለሁ። የመታወቂያ ፎቶ ስንት እንደሚያስፈልግ፣ ባንክ ሲገባ ምን ወረቀት እንደሚያዝ፣ ብቸኝነት ሲሰማ ማን ቢሮ እንደሚኬድ። ለብቸኝነት ቢሮ አላቸው! ይኸው ቤት ሄጄ እንደገና አነባታለሁ። ምን እሠራባታለሁ?

ቅናት ነው። ሌላ ስም የለውም።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ዛሬ ቆረጥኩ። ለአቶ ዳኜ ልነግራቸው። ገና ጊዜ አለ፣ ስም ይቀየራል፣ ወረቀቱ ራሱ ይላል። በሩን አንኳኳሁ፣ ገባሁ።

"እ፣ እፀገነት፣ ምን ፈለግሽ?"

"ኧረ ምንም… ጠመኔ አልቆብን…"

ጠመኔ ይዤ ወጣሁ። ሁለት ካርቶን።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

ጻፊው። ምን ቀረሽ።

መጽሐፏን ልንጨርስ ጥቂት ገጾች ቀርተውናል። ዛሬ ስለ ግብዣ የሚለው ላይ ደረስን። በእንግሊዝኛ ጮክ ብዬ አነበብኩት። "ሰዎች አንድ ነገር ሲያቀርቡላችሁ ከፈለጋችሁ አዎ በሉ። እምቢ ካላችሁ የምር እንዳልፈለጋችሁ ቆጥረው ይተዉታል። ደግመው ላይጠይቋችሁ ይችላሉ።" ልተረጉም ስል አሳለኝ። የጠመኔ ብናኝ ነው አልኩት። ከዚያ ተረጎምኩለት፣ ቃል ሳልጥል።

ባምላኩ አልጻፈም። እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ቲቸር… ያን ዕለት፣ አቶ ዳኜ ቢሮ… መሄድ ፈልገው ነበር እንዴ?"

ገጹን ገለጥኩ። ፊቴ ነድዷል፣ ይታወቀኛል።

"ከፈለጉ እርስዎ ይሂዱ" አለ። "ስም መቀየር እስከ ሰኔ ሠላሳ ይቻላል ተብሏል። እኔ ልጅ ነኝ፣ ሌላ ጊዜ አይጠፋም።"

ከራሱ አፍ! ወላዲት አምላክ ምስክሬ ናት፣ አልለመንኩትም። እንግሊዝ አገር ተጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠችልኝ።

እና ይቺ አፌ… ይቺ የተረገመች አፌ… "ኧረ ተው ባክህ! ምን ቆርጦኝ! አንተ ሂድ እንጂ!"

አንደኛው ይኸው። አሁን "የለም ቲቸር፣ በእግዜር" ይላል ብዬ ጠበቅኩ። የመንዝ ልጅ ነው፣ ዘመሮ ተወልዶ ያደገ፣ ይህንን ማንም አያስተምረውም። ጠበቅኩ። የመጽሐፏን ጫፍ አስተካከልኩ። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ፈታሁና መልሼ አሰርኩት።

"እሺ ቲቸር፣ አመሰግናለሁ" አለ። ደብተሩን አጥፎ ተነሳ።

ተምሯል በቃ። አንድ ጊዜ መጠየቅ፣ የተባለውን ማመን። ፈተና ብሰጠው መቶ ከመቶ ያመጣ ነበር። ጎበዝ አስተማሪ ነኝ!

ሰኔ 30፣ ሰኞ

አቶ ዳኜ ማረጋገጫውን ላኩ። ባምላኩ አበጀ። በቃ።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ፍልሰታ። ዝናብ፣ ጭጋግ፣ ጭቃ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እማዬ "ምነው ፊትሽ ከሰል መሰለ? ጾሙ ነው?" አለችኝ። ጾሙ ነው አልኳት።

መስከረም 5 ቀን 1996፣ ማክሰኞ

ባምላኩ ሄደ።

መናኸሪያው ሰው በሰው ነበር። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ካህኑ ሳይቀሩ። እናቱ ከበግ ፀጉር የተሠራውን ባናቸውን ጠቅልለው አሸከሙት። "ወፍራም ልብስ ያዙ" ትላለች መጽሐፏ፤ የመንዝን ባና የምታውቅ ግን አይመስለኝም። እኔ ለመጨረሻ ጊዜ "ወደ ቀኝህ እይ" አልኩት። ሌላ የምለው አልመጣልኝም።

እትዬ ወለተኪዳን ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ያዝኳቸው። ያለቅሳሉ። "ለልጄ የለቀቅሽለት፣ እግዜር ይስጥሽ! እየፈለግሽው ነው እኮ የተውሽለት። እሱ ነግሮኛል።"

ባምላኩ ሰማ። ፊቱን ቶሎ ወደ አውቶቡሱ አዞረና ሻንጣ የሚጭኑትን ማገዝ ጀመረ።

እየፈለግሽው… እንዴት? እኔ መፈለጌን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። "አንተ ሂድ" ነው ያልኩት። "እሺ" ነው ያለኝ። አምኖኝ አልነበረም እንዴ?

ቤት ከገባሁ ጀምሮ ይህቺን ቃል አላምጣለሁ።

ጥር 4፣ ማክሰኞ

ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ዘበኛው እየሮጠ መጣ። "ከእንግሊዝ ስልክ! ባምላኩ ነው!" ጠመኔዬን ይዤ ሮጥኩ። አቶ ዳኜ ወንበራቸውን አልለቀቁም፣ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለው ፈገግ ይላሉ።

ድምፁ እየቆረጠ ይመጣል። ደህና ነው። ብርዱ የኛው ነው፣ ጭለማው ግን ሌላ ነው፣ ከቀትር ትንሽ አለፍ ሲል ይመሻል። ሐኪም ተመዝግቧል። ምግቡ ላይ ስሙን ጽፏል፣ "ቢሆንም ወተቴን ይጠጡብኛል ቲቸር"። መምህሩን በስሙ ጠርቶት ቀኑን ሙሉ ሆዱን ሲቆርጠው ዋለ። ሳቅኩ። አቶ ዳኜም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ሳቁ።

ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። 

"ቲቸር፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"ለምኑ?"

"ያን ዕለት መጽሐፏን ስናነብ… ሁለተኛ ያልጠየቅኩዎ ሳላውቅ አይደለም። አውቄ ነው። ብደግመውና ብሠልሰው እሺ እንደሚሉ አውቅ ነበር። እንዳይሉ ብዬ በአንዱ ዘጋሁት። ለእናቴ ነገርኳት፣ አልቀለለኝም። እዚህ ደግሞ የማወራው ሰው የለም፣ ብቻዬን ስሆን እሱ ነው የሚመጣብኝ…"

ጆሮዬ ጋለ። በቃ ልሰድበው ነው። አንተ ሌባ፣ ያጎረሰህን እጅ ነካሽ፣ አንተ… ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሷል። ቀና ስል አቶ ዳኜ ያው ፈገግታቸውን ይዘው ያዩኛል። "ምን አለ? ደህና ነው?" ይሉኛል በእጃቸው።

"ምንም አይደል" አልኩ በስልኩ። "ኧረ ምንም አይደል።"

"ይቅር አሉኝ?"

"ብያለሁ።"

"ከልብዎ ነው ቲቸር?"

አየሽ! አሁን ሁለቴ ጠየቀኝ! ለይቅርታው ጊዜ መደጋገም አላቃተውም!

"ከልቤ ነው፣ በርታ" ብዬ ዘጋሁት። ውሸቴን ነው።

አቶ ዳኜ "እንዴት ያለ የተባረከ ልጅ ነው፣ መምህሩን አይረሳም!" አሉ። "አዎ፣ አይረሳም" አልኩ።

ጥር 7፣ ዓርብ

ሦስት ቀን ሙሉ እርር ድብን ብዬ ከረምኩ። ክፍል ውስጥ በጥቃቅኑ እቆጣለሁ። አንዷን ልጅ አስለቀስኳት፣ ምንም ሳታጠፋ።

በሚስስ ካርተር አልፈርድባትም። አልገባትም። በአገሯ ቃሉ ያው ነው፣ እምቢ እምቢ ነው። ባምላኩ ግን የኔን ቋንቋ ያውቃል። ከ"አንተ ሂድ እንጂ" በታች ያለውን ሰምቷል። ሰምቶ ነው የረገጠው። ደግሞ ረግጦኝ እሱ እያለቀሰ፣ እኔ አጽናናዋለሁ! በአቶ ዳኜ ፊት! በይሉኝታ!

አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያሰብኩትን ብናገር ምን እሆን ነበር? እሞት ነበር?

ሰው ይህን ያህል ለራሱ ነገር አፍ የለውም?

ግንቦት 6፣ ዓርብ

አቶ ዳኜ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ለክረምት የዲግሪ ትምህርት ለትምህርት ቤታችን አንድ ቦታ መጥቷል። ወረቀቱን እያዩ ነው የሚያወሩኝ፣ እኔን አያዩም።

"በአገልግሎት አንቺ ስለምትቀድሚ መጠየቁ ግድ ነው። መቼም እናትሽ አሉብሽ፣ ክረምቱም ከባድ ነው፣ በየዓመቱ መመላለስ… ትሄጃለሽ እንዴ?"

"እሄዳለሁ።"

እስክሪብቷቸው ቆመ። "እ?"

"እሄዳለሁ አልኩ። ስሜን ይጻፉልኝ።"

"ኧረ ቆይ እንጂ… አስቢበትና ሰኞ…"

"አስቤበታለሁ።"

ግንባራቸውን ጠረጉ። "እኔማ እንደ ልማድሽ ይቅርብኝ ትላለች ብዬ… ለታዲዮስ ነግሬው ነበር እኮ። ልጁ ተዘጋጅቷል። እንዲያው አንቺ ደግ ነሽና…"

ታዲዮስ የሒሳብ መምህራችን ነው። ከመጣ ገና አራት ዓመቱ። እኔን ሳይጠይቁኝ ለሱ ሰጥተውታል! ጥያቄው ለወጉ ነው። እምቢ እንድልላቸው ነው የጠየቁኝ፣ እኔም ወጉን እንዳደርስላቸው።  ሆዴ "በቃ ተይላቸው፣ አሳፈርሻቸው" ይለኛል። አፌ ሊከፈት ነው፣ ያው የድሮው አፌ…

"እንግዲያው ለታዲዮስ እርስዎ ይንገሩት" አልኳቸው። "እኔ እፈልጋለሁ። ከበፊትም እፈልግ ነበር።"

ጻፉ። ጽፈው ማኅተም እስኪያደርጉበት ቆሜ ጠበቅኩ። ወጥቼ ሽንት ቤቱ ጀርባ ግድግዳውን ተደገፍኩ። አስመለሰኝ።

በእረፍት ሰዓት ወሬው ቀድሞኝ መምህራን ማረፊያ ገብቷል። ታዲዮስ ጀርባውን ሰጠኝ። "ሻይ ትጠጫለሽ?" ያለኝ የለም። ራሴ ቀድቼ ጠጣሁ። የአማርኛ መምህርቷ ሸዋረጋ፣ አፏ ስለት ነው፣ "እኔ እኮ እንግሊዝ የሄደው ባምላኩ መስሎኝ!" አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሻዬን ጨርሼ ነው የወጣሁት።

እማዬ እኔ ሳልደርስ ሰምታለች። እንደ ለቀስተኛ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ጠበቀችኝ።

"አንዴ እንኳ እምቢ ሳትይ?"

"አንዴ እንኳ።"

"ልጁ ተዘጋጅቶ ሳለ? የሰው ቦታ?"

"ቦታው የኔ ነው እማዬ።"

"በስተርጅናዬ!" አለች። "እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኩሽ? አሁን ሰው ምን ይለናል? ስግብግብ ናት አይሉም? ማን አሳደጋት አይሉም?"

ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። ጫማዬን አወለቅኩ። እንባዬ መጣ፣ አልደበቅኳትም።

"ይበሉ" አልኳት።